የተሰረዘ ቃል

ታርቱ፣ የካቲት ነው። ወንዙ በረዶ ለብሶ ተኝቷል፤
ከሆስፒታሉ ምድር ቤት የመድኃኒት ክፍሉ መብራት በርቷል።
አሥራ አንድ ደብተር ጠረጴዛዬ ላይ ተከምሯል፤
የተለማማጆቹ ነው፤ የስድስት ሳምንት ውሎ ተጽፎበታል።

ከዩኒቨርሲቲው የመጣ ቅጽ አለ፣ ባለ አራት ዓምድ፤
የሆነውን ብቻ ላወራ፣ አንድ።
ለምን እንደሆነ ለጠየቀ፣ ሁለት።
ራሱን ለመረመረ ሦስት፣ ለተለወጠ አራት።

ዱቄት መዝኜ አውቃለሁ፣ ሚሊግራም ሳላዛንፍ፣
ጠብታ ቆጥሬ አውቃለሁ ከብልቃጥ አፍ፤
የሰው ሐሳብ ግን በምን ይመዘናል?
የቱ ሚዛን ላይ ቢያስቀምጡት ልኩን ይናገራል?

የራይነርን ገለጥሁ። እጅ ጽሑፉ ያማረ፣
አንቀጹ የተቀመረ፤
«ከዚህ ገጠመኝ ብዙ ተማርሁ» ብሎ የሚጀምር፣
«ወደፊት እጠነቀቃለሁ» ብሎ የሚያሳምር።
ሰኞም ተምሯል፣ ማክሰኞም፣ ረቡዕም ተምሯል፤
ቅጹን አንብቦ ነው የጻፈው፤ ምን እንደምንወድ ያውቃል።
ሦስት ሰጠሁት። ምን ላድርግ?
የስኳር ክኒን ነው፤ ቀለም አለው፣ ቅርጽ አለው፣ ጉሮሮ አያንቅም፤
የሚያድነው ሕመም ግን የለም።

የኬርቱ ደብተር ጥጉ ሻይ ጠጥቶ ደርቋል፤
ሦስት ሳምንት ሙሉ ከአንድ መስመር አያልፍም፤
«ዛሬ መደርደሪያ አስተካከልሁ።» «ዛሬ ምንም።»
አንድ ልሰጣት ብዕሬን አነሣሁ፤
እንዲያው ለወጉ ገጽ ብገልጥ፣ አራተኛው ሳምንት ላይ ደረስሁ።

«ሄልዩ የሚባሉ አሮጊት መጡ፤ ጣታቸው የተቆለመመ።
ሜቶትሬክሴት። በሳምንት አንዴ፣ ሰኞ ጠዋት።
ሰልፉ እስከ ደረጃው ነበር።
‹ገባዎት?› አልኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።
ቦርሳቸውን ዘጉ፤ በበሩ ዘለቁ።
ጓንታቸውን ረስተው ተመለሱና፣
‹ልጄ፣ ጠዋት ጠዋት ነው አይደል ያልሽኝ?› አሉኝ።
ጠዋት ጠዋት።
የሳምንቱን በየቀኑ ሊውጡት።
ያዳናቸው ጓንቱ ነው። እኔ አይደለሁም።»

ከዚያ በታች አንድ ዓረፍተ ነገር፤
«ሲያመነቱ አልሰማሁም» ብላ ጽፋ ነበር።
«አልሰማሁም»ን ሰርዛዋለች፣ ወረቀቱ እስኪበሳ፤
ከላዩ፣ ጉንዳን በምታህል ፊደል፣ ሌላ ቃል ተነሥቷል፤
«አላዳመጥሁም» ይላል።

ብዕሬን አስቀመጥሁ።
መስማትማ ለጆሮ ሁሉ የተሰጠ ነው፤ በርም ሲንኳኳ ይሰማል።
ከአንዱ ቃል ወደ ሌላው ስትሻገር ይቺ ልጅ
ስንት ሌሊት ነቅታለች?
ቅጹን አገላበጥሁ፤ ለስርዝ የሚሆን ዓምድ የለውም።

እኔም ቮሩ ከተማ ሳለሁ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይሆነዋል፣
አንድ እንጨት ፈላጭ ነበር፤ የፖታሲየም ብልቃጥ፣ የተሳሳተ ምልክት፤
ሰውየው አልሞተም። እኔም ዝም አልሁ።
መዝገቡ ላይ «ተስተካክሏል» ብዬ ፈረምሁ።
አንድ ቃል ናት።
እስከ ዛሬ አልሰረዝኋትም።

ለኬርቱ ቁጥር አልሰጠሁም በዚያ ምሽት፤
ከኅዳጉ ላይ ብቻ፣ «ጓንቱን ወሰዱት?» አልኋት።

በማግስቱ መስኮቱ ጋ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል፤
ማሸጊያውን ሰጥታ እጇን ሳትስብ፣
«እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ፣ መቼ ነው የሚውጡት?» ትላለች።
ሽማግሌው ጣሪያ ያያሉ። ከንፈራቸው ይላወሳል።
ሰልፉ ይስላል፤ አንዱ ሰዓቱን ያያል።
እሷ ትጠብቃለች።
ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሰባት ሰከንድ ቆጠርሁ።

ቅጹ ላይ ግን ሰባት የሚባል ቁጥር የለም።